ማስተካከያ፦ ከአየር እርጥበት ስለሚገኘው ኤሌክትሪክ

ያለ ሙቀት ኤሌክትሪክ ስለማመንጨት ቀደም ብሎ በወጣው መረጃ፣ ከአየር እርጥበት ኃይል የሚሰጠው ስስ ሽፋን 0.5 ቮልት ስላለው አሥሩን በተከታታይ አያይዞ ስልክ መሙላት እንደሚቻል ተገልጿል። ቮልቱ ልክ ነው፤ ድምዳሜው ግን ስህተት ነው።

በ2020 እ.ኤ.አ. የማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ አምኸርስት ተመራማሪዎች ያሳዩት 7 ማይክሮሜትር ውፍረት ያለው የፕሮቲን ሽፋን በካሬ ሴንቲሜትር የሚሰጠው ከረንት 17 ማይክሮአምፔር (የአምፔር ሚሊዮንኛ) ገደማ ነው። በተከታታይ ማያያዝ ቮልቱን ይደምራል እንጂ ከረንቱን አያሳድግም። ስልክ ለመሙላት 5 ቮልት በ1 አምፔር ለማግኘት በድምሩ ወደ 59 ካሬ ሜትር ሽፋን ይጠይቃል፤ ያውም 0.5 ቮልቱና 17 ማይክሮአምፔሩ በአንድ ጊዜ ይገኛሉ ብለን ካሰብን። በተግባር ግን የሚሠራ ዕቃ ሲገናኝ ቮልቱ ስለሚወርድ ስፋቱ ከዚህም ይበልጣል።

ሁለቱም ገጽ ለአየር ክፍት ይሁን የተባለውም መታረም አለበት፤ ይህን ያደረገ ሰው ምንም አያገኝም። የታችኛው ገጽ ሙሉ በሙሉ በኤሌክትሮድ (ከረንቱን በሚቀበል አስተላላፊ) ይሸፈናል፣ የላይኛው በከፊል ብቻ። ኃይሉ የሚመነጨው ከላይና ከታች ካለው የእርጥበት ልዩነት ነው፤ ሁለቱም ወገን እኩል ከረጠበ ቮልቱ ይወድቃል። የሽፋኑ ቀዳዳዎችም ከ100 ናኖሜትር መጥበብ አለባቸው።

ሽፋኑ ለጊዜው የሚስማማው ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅም ዕቃ) ቀስ ብሎ እየሞላ አልፎ አልፎ ብቻ ለሚሠራ አነስተኛ ሴንሰር ነው።