ሄንድራ ሴቲያዋን የማን ግማሽ ነው?

ሰሞኑን አንድ የስፖርት ተንታኝ ስለ ባድሚንተን፣ በራኬት ስለሚጫወቱት የመረብ ጨዋታ፣ የሽልማት ገንዘብ ተጠይቆ የሰጠው መልስ ከጆሮዬ አልወጣ ብሏል። ሁለት ለሁለት የሚጫወት የጥንድ ተጫዋች አንድ ለአንድ የሚጫወተውን የነጠላውን ግማሽ ቢያገኝ ምንም በደል የለበትም አለ። ምክንያቱ ደግሞ የሚሸፍነው ግማሽ ሜዳ ስለሆነ ነው። ግማሽ ሜዳ፣ ግማሽ ድካም፣ ግማሽ ክፍያ። ጠያቂውም ራሱን ነቅንቆ ወደ ሌላ ጥያቄ አለፈ።

ገንዘቡን ላስቀድም። ዓለም ቱር በሚባለው ዓመታዊ የውድድር ዙር ትልልቅ ውድድሮች ለዓመታት ሲሠራበት በቆየው አከፋፈል የነጠላ አሸናፊ ከጠቅላላው ሽልማት 7 በመቶ ይወስዳል። ጥንዶቹ 7.4 በመቶ ያገኛሉ፣ ያውም ለሁለት። ሽልማቱ 1 ሚሊዮን ዶላር ከሆነ ነጠላው 70,000 ዶላር ይዞ ይሄዳል፣ ጥንዶቹ ደግሞ 37,000 37,000 ይደርሳቸዋል። አዘጋጆቹ ገንዘብ አነሰን ቢሉ ቁጭ ብለን እንነጋገር ነበር። የሚገባችሁ ይሄው ነው ማለት ግን ንቀት ነው።

ደግሞ የምን ግማሽ ሜዳ ነው? እንዲህ የሚል ሰው የጥንድ ጨዋታ ከልቡ አይቶ አያውቅም። ጥንዶች ሲያጠቁ አንዱ ከኋላ፣ አንዱ ከፊት ይሆናሉ። ከኋላ ያለው ከግራ ጠርዝ እስከ ቀኝ ጠርዝ ያለው ሁሉ የእሱ ነው። ሲከላከሉ ጎን ለጎን ይቆማሉ። ይህ ቦታ መለዋወጥ በአንድ ነጥብ ውስጥ ብቻ ብዙ ጊዜ ይደጋገማል፣ ለመነጋገር ጊዜ የለም፣ አንዱ ሲንቀሳቀስ ሌላው ሳያየው ማወቅ አለበት። ሜዳው ራሱ ይሰፋል፤ የነጠላው ወርድ 5.18 ሜትር ነው፣ የጥንዱ 6.1። አዎ፣ ነጠላ ተጫዋች የበለጠ ይሮጣል። ይሄን አልክድም። ግን ክፍያው በሜትር ነው እንዴ?

በጥንድ ጨዋታ የሚያጥረው ጊዜ ነው። እስካሁን ከተመዘገቡት ስማሾች፣ ማለትም ከላይ ወደ ታች ከሚመቱ ኃይለኛ ምቶች፣ ሁሉ ፈጣኑ በሰዓት 565 ኪሎ ሜትር ነው፣ በፈረንጆቹ 2023 ጃፓን ውስጥ ለልኬት ተብሎ በተዘጋጀ ሙከራ የተመታ። የመታው ማን ነው? ሕንዳዊው ሳትዊክሳይራጅ ራንኪሬዲ፣ የጥንድ ተጫዋች። በውድድር ላይ ፍጥነቱ ይቀንሳል፣ ሻትሉም፣ ያ ላባ ያለው የባድሚንተን ኳስ፣ አየር ላይ ቶሎ ይደክማል። ቢሆንም እንዲህ የሚመቱ ሰዎች ባሉበት ሜዳ መረብ ሥር ራኬት ይዞ መቆም የግማሽ ሰው ሥራ አይደለም።

አሁን ወደ ኢንዶኔዥያዊው የጥንድ ተጫዋች ወደ ሄንድራ ሴቲያዋን ልምጣ፣ ምክንያቱም የተንታኙ ሒሳብ ሙሉ በሙሉ የሚፈርሰው እሱ ላይ ነው።

ሄንድራ በፈረንጆቹ 1984 ማዕከላዊ ጃቫ፣ ፔማላንግ ተወለደ። ዝምተኛ ነው። ሲያሸንፍም ሲሸነፍም ፊቱ ያው ነው። በስማሽ ኃይል ከእሱ የሚበልጡ ሞልተዋል፣ እሱ ያለው ዓይንና የእጅ አንጓ ነው። በ2007 ከአጋሩ ከማርኪስ ኪዶ ጋር የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። በ2008 ቤጂንግ ኦሎምፒክ ላይ ከቻይኖቹ ካይ ዩንና ፉ ሃይፌንግ ጋር በፍጻሜው ተገናኙ። የቻይና ሕዝብ ፊት የመጀመሪያውን ዙር 21 ለ 12 ተሸነፉ፣ ከዚያ 21 ለ 11 እና 21 ለ 16 አሸንፈው የኦሎምፒክ ወርቅ ወሰዱ። ሜዳሊያው ለሁለት አልተቆረጠም። ለእያንዳንዳቸው ሙሉ ወርቅ አንገታቸው ላይ ተንጠለጠለ።

በተንታኙ ስሌት ሄንድራ እዚህ ላይ የኪዶ ግማሽ ነው። እሺ፣ ይሁን። ከዚያ ኪዶ ሄደና መሐመድ አህሳን መጣ። በ2013 የዓለም ሻምፒዮን ሆኑ። በ2015 ጃካርታ ላይ በሕዝባቸው ፊት ደገሙት። በ2016 ሪዮ ኦሎምፒክ ላይ ከምድብ ሳያልፉ ቀሩ፣ ተለያዩም፣ ሄንድራ በ2017 ከማሌዥያዊው ታን ቡን ሄኦንግ ጋር ሞክሮ ብዙም አልሰመረለትም። አበቃለት ሲባል በ2018 ከአህሳን ጋር ተመልሶ ተጣመረ። በ2019 ባዝል ላይ ሦስተኛ የዓለም ዋንጫቸውን በጋራ አነሱ። ለሄንድራ አራተኛው ነበር፣ ያውም በ35ኛ ዓመት ልደቱ ቀን። እና አጋሩ ተቀይሮ ዋንጫው ካልተቀየረ፣ ይሄ ሰው የማን ግማሽ ነው? በጥማድ የታረሰ ማሳ ላይ ቆሞ ይሄኛው በሬ ያረሰው የቱን ግማሽ ነው ብሎ የሚጠይቅ ሰው ስለ እርሻ ምንም አያውቅም።

እንዲያውም ጥንድ መሆን ሸክም ይጨምራል። ነጠላ ተጫዋች የሚጠብቀው የራሱን ጉልበትና የራሱን ቀን ነው። የጥንድ ተጫዋች ዕድሜውን በሙሉ ሌላ ሰው አካል ላይ ያስቀምጣል። አጋርህ ጉልበቱን ቢጎዳ ያንተም ዓመት ያልቃል። አሰልጣኞች ቢያለያዩህ ከዜሮ ትጀምራለህ፣ የሌላ ሰው እርምጃ፣ የሌላ ሰው ፍርሃት፣ የሌላ ሰው ንዴት ትማራለህ። ይሄን የሚለካ ሜትር የለም፣ እኔ ግን ከሩጫው ይከብዳል ባይ ነኝ።

ኪዶ በሰኔ 2021 እዚያው ኢንዶኔዥያ ውስጥ ባድሚንተን እየተጫወተ ሳለ አረፈ። 36 ዓመቱ ነበር። በሚቀጥለው ወር ሄንድራ ከአህሳን ጋር ቶኪዮ ኦሎምፒክ ላይ ሜዳ ገባ። ነሐሱን በአንድ ጨዋታ አጥተው አራተኛ ሆኑ። በቀጣዩ ዓመት ደግሞ እዚያው ቶኪዮ፣ ሊያውም 38ኛ ልደቱ ሰሞን፣ የዓለም ሻምፒዮና ፍጻሜ ደረሰ። በጥር 2025 ጃካርታ ላይ ከአህሳን ጋር አብረው ተሰናበቱ።

ነጠላዎቹ ይቀነስባቸው አላልኩም። የዓለም ባድሚንተን ፌዴሬሽን ለእያንዳንዱ ጥንድ ተጫዋች የነጠላውን ያህል ይክፈል ነው የምለው፣ ምንም ዙሪያ ጥምጥም የለውም።

ተንታኙ ደግሞ ሌላ ጊዜ ከመናገሩ በፊት የ2019ኙን የኦል ኢንግላንድ፣ የታዋቂውን የእንግሊዝ ውድድር፣ ፍጻሜ ቁጭ ብሎ ይመልከት። ሄንድራ ከፍጻሜው በፊት ባቱን ተጎድቶ ነበር የገባው። የመጀመሪያውን ዙር ማሌዥያውያኑ አሮን ቺያና ሶ ዊ ዪክ 21 ለ 11 ወሰዱት። ከዚያ አህሳን ከኋላ እየሮጠ፣ ሄንድራ በታመመ እግሩ መረቡ ላይ ቆሞ ሻትሉን ገና ሳይወርድ እየቀደመ፣ 21 ለ 14 እና 21 ለ 12 ጨረሱት። የትኛው ነጥብ የማን እንደሆነ ለይቶ፣ ግማሹ ላይ መስመር አስምሮ ያሳየን።