እርማት፦ ሶፍትዌር የጠፋ ቀለም አይመልስም

«የአያታችንን ጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ ፕሮግራሙ ወደ እውነተኛ ቀለሙ መለሰልን» ብለው ጽፈዋል። ደስታዎ ይገባኛል፤ «መለሰ» የሚለው ቃል ግን መታረም ይኖርበታል። ጥቁርና ነጭ ፊልም የሚመዘግበው የብርሃኑን መጠን እንጂ የቀለሙን ዓይነት ስላልሆነ፣ በፎቶግራፉ ውስጥ ተደብቆ የሚጠብቅ ቀለም የለም። ፕሮግራሙ ከተማረባቸው እጅግ ብዙ ባለቀለም ምስሎች ተነሥቶ ይገምታል፤ ሣር አረንጓዴ መሆኑን መገመት ቀላል ነው፣ የነጠላ ጥለት ግን የፈለገውን ቀለም ሊሆን ይችላል።

ግራጫው ራሱም ያሳስታል። በድሮ ጊዜ በሰፊው ይሠራበት የነበረው ኦርቶክሮማቲክ ፊልም ቀይ ብርሃንን ስለማይቀበል፣ ቀዩን ነገር አጥቁሮ፣ ሰማያዊውን ደግሞ አንጥቶ ያሳያል። በእኛ ቤት ባለ አንድ ፎቶግራፍ ላይ ፕሮግራሙ የሴት አያቴን ጥለት ጥቁር ሰማያዊ አደረገው፤ ነጠላው ግን ዛሬም ሣጥን ውስጥ አለ፣ ጥለቱም ደማቅ ቀይ ነው።

ፊት «የሚያጠራው» መሣሪያ ከዚህ ይብሳል (እኔ በበኩሌ ከቀለሙ ይልቅ እሱን እፈራዋለሁ)፤ የደበዘዘውን ዓይን በግምት አዲስ አድርጎ ስለሚስለው፣ ቆንጆ ሆኖም እናቴ «ይህቺ ማን ናት?» የምትለው ዓይነት ፊት ይወጣል።

ስለዚህ ዋናውን ፎቶግራፍ፣ በጀርባው ያለውን ጽሑፍ ጭምር፣ ቢያንስ በ600 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 600 ነጥብ) ስካን አድርገው ሳይነካ ያስቀምጡት፤ የተቀባውን ቅጂ ለብቻው ያኑሩና «ቀለሙ ግምት ነው» ብለው ይጻፉበት።