ኪቦርዱን መስጠት ያለብን ለተጠየቀለት ሥራ ብቻ ነው

ሰሞኑን አንድ መሥሪያ ቤት ያወጣውን የውስጥ መመሪያ ሳነብ ደሜ ፈላ። ከውጭ ሆነው ሰርቨር የሚጠግኑ ባለሙያዎች የተርሚናል (ትእዛዝ በጽሑፍ የሚሰጥበት መስኮት) ስክሪን ሲጋሩ፣ ኪቦርዱም፣ ማለትም የመጻፍ ፈቃዱ፣ ከመጀመሪያው ደቂቃ እስከ መጨረሻው ክፍት ይሁንላቸው ይላል። በየመሀሉ ፈቃድ መጠየቅ «ሥራ ያጓትታል» ነው ምክንያቱ። ስጋታቸውን ላነሱ ሠራተኞች ኃላፊው የሰጡት መልስ ደግሞ ከመመሪያው ይብሳል፦ «ምን ችግር አለው? ቁጭ ብላችሁ እያያችሁ አይደል?»

አይቶ ምን ሊያመጣ? ተቀድቶ የተለጠፈ አሥር መስመር ትእዛዝ፣ ተመልካቹ የመጀመሪያውን አንብቦ ሳይጨርስ ሠርቶ ያበቃል። ኡቡንቱ በተባለው የኮምፒውተር ሥርዓት ላይ ከትእዛዙ ፊት አንድ ባዶ ቦታ ከተተወ ደግሞ ትእዛዝ ተቀባዩ ፕሮግራም ባሽ በትእዛዝ ታሪኩ ውስጥ እንኳ አይመዘግበውም።

አንድን ትእዛዝ በሙሉ የአስተዳዳሪ ሥልጣን የሚያሠራው ሱዶ ላይ ስንደርስ ነገሩ ይከፋል። ስክሪኑን ያጋራው ባለቤት የይለፍ ቃሉን አስገብቶ አንድ ትእዛዝ በሱዶ ያሠራል። ኡቡንቱ በተለመደው አቀማመጡ ያንን ፈቃድ በዚያው ተርሚናል ላይ ለ15 ደቂቃ ያቆየዋል። ስክሪኑን የተጋሩት ሁለቱ ሰዎች ለማሽኑ አንድ ሰው ናቸው። ባለቤቱ ስልክ ሊያነሳ ዞር ካለ፣ ከውጭ የመጣው እንግዳ ምንም ሳይጠየቅ በሩት፣ ማለትም በማሽኑ የበላይ አዛዥ፣ ሥልጣን ይጽፋል። የራሱን የኤስኤስኤች ቁልፍ (ሰርቨሩን ከሩቅ መግቢያ) ከተፈቀዱት ጋር ለመጨመር አንድ መስመር ይበቃዋል። ከዚያ ወዲያ ኪቦርዱን ብትነጥቀው፣ ግንኙነቱን ብትዘጋው ዋጋ የለውም፤ የቤት ቁልፍ ተውሶ ቅጂ ያስቀረጸ ሰው ቁልፉን ቢመልስ ምን ይጠቅማል? መዝገቡ ሲገለጥ የሚገኘው ስም ደግሞ የእንግዳው አይደለም፤ የዚያው ባለቤት፣ የወር ጠባቂ ደመወዝተኛው የሰርቨሩ ተረኛ ነው። ኃላፊው «እያያችሁ» ያሉት ይህንኑ ልጅ ነው፤ ነገ ደብዳቤ የሚጻፍበትም እሱ ነው።

መሣሪያው የለም እንዳይሉን ደግሞ ሞልቷል። እ.ኤ.አ. በ1987 የወጣው፣ ስክሪን (Screen) የተባለው ተርሚናል ማጋሪያ ፕሮግራም ማን እንደሚያይ፣ ማን እንደሚጽፍ ለየሰው የሚለይበት ትእዛዝ አለው። ሌላው መሰል ፕሮግራም ቲሙክስ (tmux) እንግዳን ተመልካች ብቻ አድርጎ ያስገባል። ተርሚናልን በኢንተርኔት የሚያጋራው ቲሜት (tmate) ገና ሲከፈት ለማየት ሌላ፣ ለመጻፍ ሌላ ሊንክ ይሰጣል። የማያውን መላክ ስንት ሰዓት ያጓትታል? ጥቂት ሰከንዶች ይባክኑ ይሆናል፤ ይባክኑ!

እንግዳ በተመልካችነት ይግባ። መጻፍ ሲያስፈልገው ምን ሊጽፍ እንደሆነ ይናገር፤ ባለቤቱም የሱዶን ፈቃድ አጥፍቶ ይክፈትለት፤ ሥራው እንዳለቀ ወዲያው ይዝጋ። ኃላፊው የለም፣ መመሪያው ይጽና ካሉ፣ እንግዳ ለመታው ትእዛዝ ሁሉ ተጠያቂው እኔ ነኝ ብለው ፈርመው ከመመሪያው ጋር ያያይዙት።