በማርያም፣ ሰብስክራይብ!

የተማፅኖ ባህላችን ሞተ የሚል ሰው ዩቲዩብ ከፍቶ አያውቅም ማለት ነው። ሰሞኑን የወጥ ቤቴ ቧንቧ ፈንድቶ ነበር። ቧንቧውን የሚሠራልኝ ባላገኝም ቅርሳችን በአስተማማኝ እጅ ላይ መሆኑን አረጋግጫለሁ።

ውሃው ይንዶለዶላል። ስልኬን አውጥቼ «ቧንቧ ሲፈነዳ ምን ማድረግ አለብን» ብዬ ጻፍኩ። አንድ ወንድማችን ብቅ አለ። ከኋላው የፕላስቲክ አበባ አለ። «ሰላም ሰላም ውድ የቻናላችን ቤተሰቦች!» ቤተሰብ መሆናችንን ያን ዕለት ሰማሁ። «ወደ ቪዲዮው ከመግባታችን በፊት» አለ። ለካ ገና ደጅ ላይ ነን።

«በማርያም፣ ሰብስክራይብ ያላደረጋችሁ ሰብስክራይብ አድርጉ።» እሺ። «በገብርኤል፣ ላይክ ማድረግ እንዳትረሱ።» እሺ ወንድሜ፣ ጫማዬ ረጥቧል። «ሙስሊም እህት ወንድሞቼ ደግሞ በአላህ!» ማንም ቅር እንዳይለው ይጠነቀቃል፣ ይህን አልክድም። «ጴንጤዎችዬ፣ በጌታ!» ቀጥሎ በእናታችን ለመነን። ቀጥሎ በእናቱ። እናቱ ጋ ሲደርስ ዋሽንት ገባ። እኔ ፎጣ እየጨመቅኩ ነው። «በአረብ አገር ያላችሁ እህቶቼ፣ እንቅልፍ የማልተኛው ለእናንተ ብዬ ነው» አለ። እነሱም የአሠሪያቸውን ቤት ሲያጸዱ አምሽተው ይህን ሲሰሙ እንቅልፍ ሳይወስዳቸው አይቀርም። ከዚያ የሶፋ ማስታወቂያ መጣ። ከዚያ የሶፋው ባለቤት ራሱ መጥቶ በጊዮርጊስ ለመነን። ምንጣፉ መንሳፈፍ ጀምሯል። በመጨረሻ ጉሮሮውን ጠረገና ምስጢሩን ነገረን፦ «ቧንቧ ሲፈነዳ በመጀመሪያ ባለሙያ መጥራት ያስፈልጋል። ዝርዝሩን በክፍል ሁለት።»

አባቶቻችን «በሕግ አምላክ ሲባል እንኳን ሰው ወራጅ ውሃ ይቆማል» ይሉ ነበር። እኔ ቤት ስንት መልአክ ተጠርቶም ወራጁ ውሃ ንቅንቅ አላለም። አባቶቻችን ይህን ያሉት ያኔ ኢንተርኔት ስላልነበረ ይሆናል።

ግን እናመስግን። እነዚህ ሰዎች ቃሉን ከሞት አድነውታል። ተማፅኖ ድሮ የጭንቅ ቃል ነበር። ግእዙ ተማሕፀነ ነው፤ ከማሕፀን ጋር ዘመዳሞች ናቸው። «እንደ ልጅሽ በእቅፍሽ ሸሽጊኝ» የሚል ሰው ቃል ነው። ጦር ያባረረው፣ ደም የሚፈለግበት ሰው ቤተ ክርስቲያን ገብቶ ይማፀን ነበር። አክሱም ጽዮን የታወቀ መጠጊያ ነበረች። ጎንደር ላይም እጨጌ ቤት የሚባለው ሰፈር የገባ ሰው አይነካም ነበር። የሸሸው ሰው ደወል መትቶ መጠጋቱን ያስታውቅ እንደነበርም ይነገራል።

ደወሉስ ቢሆን መቼ ቀረ? «ደወሏን ተጫኗት፤ በእናታችሁ!» ይኸው ነው እንግዲህ። ያኛው ነፍሱን ሊያተርፍ ይደውላል። ይኸኛው ደግሞ ሽሮ ሲያማስል እንዳያመልጠን እኛው እንድንደውል ይለምነናል። እድገት ነው።

ቲክቶክ ላይ ያሉት ደግሞ የበለጠ ሊቃውንት ናቸው። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ «ታፕ ታፕ አድርጉ፣ በሞቴ!» ይላሉ። በሞቴ ድሮ አንዲት ጉርሻ ለማስዋጥ የሚወጣ ትልቅ መሐላ ነበር። ቢያንስ ሆዳችሁ ይሞላ ነበር። አሁን አንዱ ደርዘን ጊዜ ሞቶ የሚያገኘው ተመልካች በስጦታ የሚልክለት የጽጌረዳ ስዕል ነው። አንበሳ የላከለት ካለ ደግሞ ዘር ማንዘሩን ይመርቃል። «እናቱን የሚወድ ሳይነካ አያልፍም» የምትለዋን ጥበበኛም አንርሳ። ሳልነካ አልፌያለሁ። እናቴን አልወድም ማለት ነው፤ አሳውቁልኝ።

እዚህ ላይ ግን መቀለድ ያቅተኛል። አንድ ሰው አለ፣ የታመመች ሴት አልጋ አጠገብ ካሜራ ይዞ የሚቆም። ኩላሊቷ ሥራ አቁሟል። ለልጆቿ ስትል በእውነት ትማፀናለች። እሱ መሐል ገብቶ «ቪዲዮውን ሳትጨርሱ እንዳትወጡ፣ ሰብስክራይብም አድርጉ» ይላል። ይህ ነውር ነው። ሌላ ስም የለውም። የሷን እንባ ለቻናሉ ይለምንበታል። ከዚህም የባሰ አለ፦ ሰው በየሰዓቱ «በማርያም» ሲባል ጆሮው ደንዝዞ፣ የእውነቷ ለማኝ ስትመጣ በአውራ ጣቱ ገፍቷት ያልፋል። እኔም ገፍቼ ያለፍኩ ይመስለኛል። ማንን እንደገፋሁም አላውቅም። ርኅራኄያችንን የዘረፉን እነሱ ናቸው።

ይቅር፣ ወደ ምስጋናችን እንመለስ።

አንድ ያልተነካ ቅርስ ቀርቷቸዋል፤ ልጠቁማቸው። ድሮ ምሕረት የሚለምን ሰው አንገቱ ላይ ድንጋይ ተሸክሞ ይገባ ነበር። በ1870 ዓ.ም. የሸዋው ምኒልክ ልቼ ላይ ለዐፄ ዮሐንስ የገቡት እንደዚያ ሆነው ነው ይባላል። ምኒልክ ድንጋዩን ለዙፋናቸው ተሸከሙት። ለመቶ ሺህ ሰብስክራይበር ማን ይሸከመው ይሆን? የሚሸከም አይጠፋም። የቪዲዮው ርዕስ እንኳ ከወዲሁ ይታየኛል፦ «ድንጋይ ተሸክሜ መጣሁ!! (በእንባ)»። እኛም ከፍተን እናያለን። ድንጋዩ መሬት ላይ ተቀምጧል። እሱ አጠገቡ በርጩማ ላይ ተቀምጦ «ድንጋዩን ከማንሳቴ በፊት፣ ውድ ቤተሰቦቼ...» ይላል።