ጳጉሜን 6ን ሰርዘው «አስተካከልነው» ላሉኝ ሰዎች

እንግዲህ ዛሬ ሰው በተሰበሰበበት «ሥራ ፈት» ተብያለሁ። ቃሉ በቀጥታ አልተነገረም፤ ትልልቅ መሥሪያ ቤቶች እንዲህ ያለውን ነገር በቀጥታ አይናገሩም። ነገር ግን አንድ የመምሪያ ኃላፊ ወንበራቸውን ወደ ኋላ ለጠጥ አድርገው «እህቴ፣ መደበኛ ሥራሽ ግን ምንድን ነው?» ብለው ሲጠይቁና በጠረጴዛው ዙሪያ ያሉት ልጆች አንገታቸውን ደፍተው ሲስቁ፣ የተባለውን ለመረዳት አስተርጓሚ አያስፈልግም። ደሜ እንደፈላ ልጻፈው፤ ነገ ስነሣ እንደ ልማዴ «ይቅር፣ ምን አገባኝ» ብዬ እተወዋለሁና።

ነገሩ ያቺው የቀን መቀየሪያ ፓኬጃችን ናት። እኔ ሥራ ውዬ ማታ መብራት ካለ፣ ቨርጂኒያ ያለው ወዳጄ ደግሞ ልጆቹን ካስተኛ በኋላ የምንጠብቃት፣ የፈረንጁን ቀን ወደ እኛ፣ የእኛን ወደ ፈረንጁ የምትመልሰው ትንሽ ኮድ። ሳንቲም አልተከፈለንባትም፤ ክፈሉንም አላልንም። ክሊኒኮች ለቀጠሮ፣ ትምህርት ቤቶች ለምዝገባ፣ የአጽዋማትና የበዓላት አፕ የሚሠሩ ልጆችም ለራሳቸው ሥራ ይጠቀሙባታል። ስሙን የማልጠራው ይህ ድርጅት የደንበኞቹን የክፍያ ቀን የሚያሰላው በእሷ መሆኑን ያወቅሁት ግን «አነስተኛ ማስተካከያ» የሚል ርዕስ ያለው ፑል ሪኩዌስት (ኮዱ ውስጥ ለውጥ እንድናስገባ የሚቀርብ ጥያቄ) ከላኩልን በኋላ ነው።

አነስተኛው ማስተካከያ ምን እንደሆነ ልንገራችሁ። የእነሱ ዳታቤዝ ጳጉሜንን ሁልጊዜ አምስት ቀን አድርጎ የተሠራ ስለሆነ፣ በ2015 ዓ.ም. ጳጉሜን 6 ቀን ከከፈለ ደንበኛ መዝገብ ላይ ሲደርስ ሪፖርታቸው ቀጥ ብሎ ይቆማል። የራሳቸውን ሠንጠረዥ ማረም የአንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ ነበር። እነሱ ግን የሁላችን የሆነውን ኮድ ከፍተው፣ አራቱን ዓመት በ1461 ቀን የሚያሰላውን መስመር አውጥተው፣ በምትኩ መስከረም 1 ምንጊዜም ሴፕቴምበር 11 ነው የሚል ቋሚ ቁጥር ተከሉበት። ኮዱ በትክክል መሥራቱን የሚፈትሸው ቴስት ወዲያው ቀይ ሆነ፤ አላለፈም ማለት ነው። ቀይ መሆንም አለበት፤ እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 11 ቀን 2023 ሲሰጠው ጳጉሜን 6 ቀን 2015 ብሎ ካልመለሰ እንዲጮህ ነው የተጻፈው፤ አዲሱ ኮድ ደግሞ መስከረም 1 ቀን 2016 ብሎ ዐረፈው። ጥንቁቅ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ቆም ብሎ ራሱን ይጠይቅ ነበር። ልጁ ግን ቴስቱን ሰረዘው። አልደበቀውም እኮ! «የማያልፈው ቴስት ተወግዷል» ብሎ በኩራት ጽፎበታል፤ ምልክቱም አረንጓዴ ሆነ።

ለምን እንዳወጣው በትሕትና ጠየቅሁት። «ሲስ፣ ቴስቱ ነው የተሳሳተው፤ ጳጉሜን አምስት ናት» አለኝ። በየአራት ዓመቱ ስድስት እንደምትሆን ጻፍኩለት። «እሱማ አውቃለሁ፤ ግን ቀጣይዋ በ2019 ናት፤ እስከዚያ ሌላ ቨርዥን ይወጣል» ብሎ የሳቅ ምልክት ጨመረበት። ደመወዝ የማይከፈልባት ወር ስለሆነች ይሆን እንዲህ የተናቀችው? ይህች አንዲት ቀን ስትዘለል የምትበላሸው ጳጉሜን ብቻ አይደለችም፤ የሚከተለው ዓመት በሙሉ ነው። ዘመነ ሉቃስ አልቆ ዘመነ ዮሐንስ ሲገባ፣ በ2016 ዓ.ም. ገናን ታኅሣሥ 28 ያከበርነው ካህናቱ ተሳስተው አይደለም፤ ጳጉሜን 6 በመሆኗ የፈረንጁ ጃንዋሪ 7 በዚያ ዓመት ታኅሣሥ 28 ላይ ስለዋለ ነው። በእነሱ «ማስተካከያ» ግን ያ ቀን 29 ይሆናል፤ በዚያ ዓመት የተፈረመው ውል፣ የተወለደው ሕፃን የልደት ቀን፣ የእናቶች የክትባት ቀጠሮ ሁሉ በአንድ ቀን ይንሸራተታል። ባሕረ ሐሳብን የቀመሩት ሊቃውንት በብራና ላይ ያልሳቱትን እኛ በላፕቶፕ ሳትነው፤ ያውም እያወቅን።

«ቴስቱ ካልተመለሰ አልቀበለውም» በማለቴ ነው እንግዲህ ወደ ቢሯቸው የተጠራሁት። በር ላይ ጥበቃው ከየትኛው ድርጅት እንደመጣሁ ጠይቆኝ ከየትም ስላልመጣሁ መዝገቡ ላይ «የግል» ብሎ ጻፈኝ፤ ውርደቱ የጀመረው ከዚያ ነው። ኃላፊው ደግሞ ገና ከመቀመጤ «የድርጅትሽ ስም ማን ይባላል?» አሉኝ። ድርጅት እንደሌለኝ ነገርኳቸው። «ታዲያ ደብዳቤ የምንጽፈው ለማን ነው?» አሉ። ደብዳቤ እንደማያስፈልግ፣ ኮዱም ሆነ ውይይቱ ማንም ሊያየው በሚችል ቦታ እንዳለ አስረዳሁ። «ለዚህ ነገር ዋስትና ትሰጪናለሽ?» አሉ። የኮዱ የአጠቃቀም ፈቃድ ላይ ያለ ምንም ዋስትና፣ እንዳለ የሚሰጥ መሆኑ በግልጽ መጻፉን ተናገርኩ። «ዋስትና ካልሰጠሽ ታዲያ እንዴት ትከለክይናለሽ?» ብለው ወደ ልጆቹ ዞር አሉና «ነጻ ነገር እኮ እንዲህ ነው፤ ኋላ ባለቤቱ ይበዛል» አሉ። ከልጆቹ አንዱ ሳቁ እንዳይበርድበት ፈርቶ ነው መሰለኝ «ለነገሩ ቴስቱ ከኮዱ ይረዝማል እኮ» ብሎ ጣልቃ ገባ። ያ የመደበኛ ሥራ ጥያቄ የመጣው ከዚህ ቀጥሎ ነው። እኔም እንደ ተማሪ ቁጭ ብዬ የት እንደምሠራ ዘርዝሬ መለስኩ። ለምን መለስኩ? እስካሁን ያበገነኝ ይኸው ነው።

ጥሩ ጥሩ መልሱ ሁሉ የመጣልኝ ታክሲ ውስጥ ከገባሁ በኋላ ነው። ረዘመ ላለው ልጅ፣ በእያንዳንዳችን ስልክ ውስጥ ያለው ኤስኪውላይት የተባለው ዳታቤዝ የቴስት ኮዱ ከዋናው ኮድ ከ500 እጥፍ በላይ እንደሆነ በነገርኩት ነበር፤ ስልኩን በየቀኑ ከፍቶ መልእክቶቹን ባሉበት የሚያገኛቸው እኮ እንዲያው በዕድል አይደለም። ለኃላፊው ደግሞ፣ ዋስትና ከተባለ ያለኝ ዋስትና ያ የሰረዛችሁት ቴስት ነው እላቸው ነበር። ፈቃዱ ማንም ፍርድ ቤት እንዳይገትረን ይጠብቀናል እንጂ፣ የተበላሸ ቀን እያየን ለሕዝብ እንድናሰራጭ አያዝዘንም። ደግሞ ግራ የሚገባው ነገር፣ አንድ ነገር ሲበላሽ «ባለቤቷ የት አለች?» ተብዬ በእኩለ ሌሊት በስልክ እፈለጋለሁ፤ አይሆንም ስል ግን ማንም ያልሾመኝ መንገደኛ ነኝ።

ማስጠንቀቂያ ለማጥፋት ሲባል የተሰረዘ መስመር የሚያመጣውን ጣጣ ዓለም አይቶታል። እ.ኤ.አ. በ2006 ዴቢያን በተባለው የኮምፒዩተር ሥርዓት ውስጥ ኦፕን ኤስኤስኤልን፣ ማለትም የምስጢር ቁልፎችን የሚፈጥረውን ኮድ፣ የሚጠብቀው ሰው፣ ቫልግራይንድ የተባለው የኮድ መመርመሪያ ማስጠንቀቂያ እያበዛ ስላስቸገረ፣ ማስጠንቀቂያውን የሚያስነሡትን መስመሮች አወጣቸው። ከእነዚያ አንዱ ግን ለምስጢር ቁልፎች የሚያስፈልገውን፣ ማንም ሊገምተው የማይችለውን የዘፈቀደ ነገር የሚመግበው ነበር። በሜይ 2008 ይፋ ሲሆን፣ በመካከሉ በዴቢያንና ከእሱ በወጣው በኡቡንቱ ላይ የተፈጠሩት ቁልፎች፣ በአንድ ዓይነት ማሽንና በአንድ የቁልፍ መጠን፣ ከ32,768 ገደማ አማራጮች ውስጥ ብቻ የሚወጡ ሆነው ተገኙ፤ ተራ ኮምፒዩተር ቁጭ ብሎ አንድ በአንድ ሊሞክረው የሚችል ቁጥር ነው። በዚያ ሁሉ ጊዜ ፕሮግራሙ ይሠራ ነበር፤ ማስጠንቀቂያውም ጠፍቶ ነበር። ያ ሰው እንኳ መስመሮቹን ከማውጣቱ በፊት የኦፕን ኤስኤስኤልን ሰዎች ጠይቋል። የእኛው ልጅ የላከልኝ የሳቅ ምልክት ነው።

ኃላፊው ሊያሰናብቱኝ ሲሉ ደግሞ «ጊዜ ከሌለሽ ለሚችል ሰው አስረክቢው፤ የእኛ ልጆች ይይዙታል» አሉኝ። አንገቴ ላይ ያለው ፀጉር የቆመው እዚህ ላይ ነው። ኤክስዚ የተባለውን የፋይል ማመቂያ ለዓመታት በትርፍ ሰዓቱ፣ ያለ ክፍያ የሚጠብቀውን ሰው፣ ማንነታቸው ያልታወቀ ሰዎች «ዘገየህ፣ ለሌላ ስጠው» እያሉ ሲነዘንዙት ከርመው፣ ከሁለት ዓመት በላይ በታማኝነት ሲሠራ የነበረ የሚመስል ሌላ ሰው ሥልጣኑን ተጋራው። በማርች 2024 እንደታየው ያ «ታማኝ» ወደ ሰው ሰርቨር የሚያስገባ ስውር በር በ5.6.0 እና በ5.6.1 ቨርዥኖች ውስጥ አስገብቶ ነበር፤ የደበቀውም የት መሰላችሁ? የቴስት ፋይል በሚመስሉ ፋይሎች ውስጥ! የቴስት ፎልደርን ከፍቶ የሚያይ ሰው እንደሌለ ጠንቅቆ ያውቃል። የተያዘውም አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ መሐንዲስ ወደ ሰርቨሩ ሲገባ ግማሽ ሰከንድ ገደማ የመዘግየቱ ነገር ስለቆረቆረው ነው። ለግማሽ ሰከንድ የሚቆረቆር ሰው ባይኖር ኖሮ ምን ይውጠን ነበር? እኛ አንድ ሙሉ ቀን ጠፍቶብን እንኳ «በ2019 እናየዋለን» እንባባላለን።

አንዴ ከጀመርኩ የሌላውንም ቀን ላውጣው። «አይሠራም» የሚል አንድ ቃል ጽፎ፣ የኮምፒዩተሩን ስክሪን በስልክ አንስቶ፣ ፎቶውም ላይ ከስህተቱ መልእክት ይልቅ የራሱ ጥላ የሚታይበትን የላከልኝ ወንድም፣ እስካሁን የትኛውን ቨርዥን እንደሚጠቀም አልነገረኝም። ሌላው ደግሞ ፓኬጃችሁ ቀን ይሰርቃል ብሎ ቴሌግራም ላይ ስሜን ሲያጠፋ ከረመ። ነገሩ ሲጣራ ሰርቨሩ አውሮፓ ተቀምጦ ሰዓቱን በዩቲሲ፣ በዓለም አቀፉ የመነሻ ሰዓት፣ ይቆጥራል፤ እኛ ከዚያ በሦስት ሰዓት እንቀድማለን፤ ስለዚህ አዲስ አበባ ላይ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት እስከ ዘጠኝ ሰዓት የተመዘገበ ሁሉ የትናንት ሆኖ ይገባል። ለዚህ ሰው ስል የሰዓት ክልል ቴስት ጽፌ፣ መመሪያውንም በአማርኛ አዘጋጅቼ ላክሁለት። አመሰግናለሁ የምትለዋን ቃል እየጠበቅሁ ነው። የቨርዥን ቁጥር ሳይቆልፍ «የመጨረሻውን አምጣ» ብሎ በየሌሊቱ አዲስ የሚጭንና፣ የራሱን አንድ ቴስት እንኳ ሳያስኬድ ጠዋት ለደንበኛ የሚለቅቅ ድርጅትማ ስንቱን ልቁጠር!

የእኛ የጠባቂዎቹ ወገንም ቢሆን ንጹሕ አይደለም፤ እሱን አልክድም። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2020 ኢዝ ፕሮሚስ የተባለች፣ ሥራዋ አንድ መስመር የምታህል የጃቫስክሪፕት ፓኬጅ አዲስ ቨርዥን ሲወጣላት፣ በእሷ ላይ የተደገፉ የስንቱ ፕሮጀክቶች ሥራ በአንድ ቀን ቆመ። የተበላሸው የኮዱ አመክንዮ ሳይሆን አስተሻሸጉ ነበር፤ ቴስቶቹ ደግሞ የሚፈትሹት የተጻፈውን ኮድ እንጂ ታሽጎ ለሰው የሚደርሰውን አልነበረም። እኛ ከዚያ ወዲህ ከመልቀቃችን በፊት የታሸገውን ፓኬጅ ባዶ ፎልደር ውስጥ ጭነን፣ እንደ ተጠቃሚ ጠርተን ካላየነው አንለቅም። ቨርጂኒያ ያለው ወዳጄ በዚህ ጉዳይ ከእኔ ይብሳል፤ አንድ ጊዜ መብራት በመካከሉ ሄዶብኝ «ግማሹ ቴስት አልፏል፣ ይበቃል» ብለውም፣ እሱ መብራቱ እስኪመጣ እዚያ ማዶ እንቅልፉን አጥቶ ጠበቀኝ። ይህ ሰው ነው እንግዲህ «ሥራ ፈት» የተባለው፤ ስድቡን ለሁለት ተካፍለነዋል።

አሁን ይህን እየጻፍኩ ሳለ ኢሜይል ገባልኝ፤ ኮዱን ገልብጠው በራሳቸው በኩል «የተሻሻለ» አድርገው ሊያወጡት ነው። ይችላሉ፤ ፈቃዱ ይፈቅድላቸዋል፤ እኔም አልከራከርም፤ ደከመኝ። የጠየቅኋቸው ስሙን እንዲቀይሩት ብቻ ነው፤ ለእሱም «ከሕግ ክፍል ጋር እንነጋገርበታለን» ተብያለሁ። ፑል ሪኩዌስቱን ዘግቼዋለሁ። የ1999፣ የ2003፣ የ2007፣ የ2011 እና የ2015 ጳጉሜን 6 በቴስቱ ውስጥ እንዳሉ ናቸው፤ ዛሬ ማታ በንዴት የ2019ኛዋንም ጨምሬበታለሁ። ፓኬጇን የምትጠቀሙ ወዳጆቼ ቨርዥናችሁን ቆልፉ፤ በዚሁ ስም ሌላ ነገር ካያችሁም ከመጫናችሁ በፊት ማን እንዳወጣው እዩ። ጥያቄ ያለው ሰው ከነቨርዥን ቁጥሩ ይጻፍልኝ፤ ቴሌግራም ላይ ግን ዛሬ አልመልስም።