«ጊዜያዊ ነው» የምትሉት መወጣጫ

ዛሬም ያው መወጣጫ፣ ሕንፃ ሲሠራ ሠራተኛ አርማታ ተሸክሞ ወደ ፎቅ የሚወጣበት የእንጨት መወጣጫ። የምታውቁት ታውቁታላችሁ፣ የትኛው ሳይት እንደሆነ አልጠራም። ገና አሁን መግባቴ ነው፣ ንዴቱ አልወጣልኝም።

ሰው እንዳይወድቅ በጎኑ የእጅ መደገፊያ ይሠራለት ነው ያልኩት። ስምንት ሞራሌ (በመጋዝ የተሰነጠቀ ቀጭን እንጨት) እና ሁለት ኪሎ ሚስማር። ሌላ ምንም አልጠየቅኩም! ፎርማኑ ሰው ሁሉ እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አድርጎ «ኢንጂነር፣ ሙሽራ ልናወጣበት ነው እንዴ?» አለኝ። አናጢው ሳቀ፣ ፌሮ (የአርማታ ብረት) የሚያስሩት ሳቁ። «ይሄ እኮ ጊዜያዊ ነው! ነገ ለሚፈርስ ነገር እንጨት ላባክን?» ከዚያ ባሬላ (ሁለት ሰው ከፊትና ከኋላ የሚሸከመው የአርማታ መጫኛ) ይዛ ተራ ወደምትጠብቀው ልጅ ዞረና «አንቺ፣ ፈርተሻል?» አላት። ምን ትበል? ፈርቻለሁ ብትል ነገ ጠዋት ከበር ላይ ነው የምትመለሰው፣ ውጭ ሥራ የሚጠብቀው ሰው ብዙ ነው። «ኧረ አልፈራሁም ጋሼ» አለች መሬት መሬት እያየች። «አየህ?» አለኝ።

አየህ! ይቺ «አየህ» ናት ራት ያስከለከለችኝ።

እሺ፣ ጊዜያዊ ይሁን። እስቲ በዚያ «ጊዜያዊ» ላይ የሚወጣውን እንቁጠረው። 100 ካሬ ሜትር ሶሌታ (የፎቁ የአርማታ ወለል)፣ ውፍረቱ 15 ሴንቲ፣ 15 ሜትር ኩብ አርማታ ነው። አንድ ሜትር ኩብ አርማታ ወደ 2,400 ኪሎ ይመዝናል። ድምሩ 36,000 ኪሎ! በአንድ ባሬላ 50 ኪሎ ብትጭን 720 ጊዜ መውጣት፣ 720 ጊዜ መውረድ። ይህ የአንድ ፎቅ ሶሌታ ብቻ ነው። ፌሮው አልተቆጠረም፣ ብሎኬቱ አልተቆጠረም፣ የልስኑ አሸዋ አልተቆጠረም። ቤቱ ካለቀ በኋላ በእብነ በረዱ ደረጃ የሚወጣው ሰው በነጠላ ጫማ ነው፣ ከበዛ ዘንቢል ይዞ ነው። በዚህኛው ላይ ግን የሚወጣው ቤቱ ራሱ ነው። ታዲያ የትኛው ነው ጥንቃቄ የሚገባው?

ደግሞ አሠራሩን እዩልኝ። የገበያው እንጨት 4 ሜትር ነው፣ ፎቁ 3 ሜትር ነው። ስለዚህ ምን ያደርጋሉ? ሁለት እንጨት ከመሬት ወደ ሶሌታው ጫፍ ያስደግፉና በላዩ ጣውላ ይመቱበታል፣ አለቀ። 4 ሜትር እንጨት 3 ሜትር ከፍታ ላይ ሲደገፍ ወደ 49 ዲግሪ ይቆማል። ይህ መወጣጫ አይደለም፣ ግድግዳ ነው። ባሬላው ያዘነብላል፣ ክብደቱ ሁሉ ከኋላ ያለችው ሴት ላይ ይወድቃል፣ አርማታው በእጇ ላይ ይፈሳል። እግሯ ላይ ያለው ኮንጎ ጫማ፣ እርጥብ ሲሚንቶ የረገጠ ኮንጎ ጫማ! ዳገቱን ወደ 15 ዲግሪ እናውርደው ካልን ደግሞ ርዝመቱ 11 ሜትር ተኩል ይደርሳል፣ የከተማ ግቢ ያን ቦታ ከየት ያመጣል?

መፍትሔው መሐል ላይ ማረፊያ ያለው ደረጃ ነው። ይህን ለማወቅ ውጭ አገር መማር አያስፈልግም። ማረፊያው 1.5 ሜትር ላይ ይሁን። ከማረፊያው በታች ዘጠኝ የእርከን ከፍታ፣ ከላይ ዘጠኝ የእርከን ከፍታ፣ እያንዳንዱ 16 ሴንቲ ከ7 ሚሊ ገደማ። መርገጫው 28 ሴንቲ፣ ዘጠነኛው ከፍታ ማረፊያው ላይ ስለሚያደርስ በየክንፉ ስምንት መርገጫ። አንዱ ክንፍ ወደ ጎን 2.24 ሜትር ነው የሚሄደው፣ መርገጫዎቹን የሚይዘው ተሸካሚ እንጨት በሰያፍ 2.70 ገደማ ይሆናል። አያችሁ? 4 ሜትሩ እንጨት ያለ ቅጥያ ይበቃዋል። በሚስማር የተቀጠለ ተሸካሚ ቅጥያው ላይ ነው የሚከዳው፣ ሁልጊዜ።

ስፋቱ 1.20፣ የሚወጣና የሚወርድ እንዲተላለፍ። ተሸካሚው ሦስት ይሁን፣ ሁለት አይበቃም። 2.5 ሴንቲ ጣውላ 1.20 ሜትር ላይ ብቻውን ሲዘረጋ ይረግባል፣ ሲረግብ ሚስማሩን ቀስ በቀስ ይነቅላል። ተሸካሚው ውፍረቱ ከ10 ሴንቲ የማያንስ የተላጠ ባሕር ዛፍ ይሁን፣ መርገጫው የሚያርፍበት ጎኑ በመጥረቢያ ተጠርቦ። መርገጫው በሚስማር ጥንካሬ ብቻ ተንጠልጥሎ መቅረት የለበትም፣ ከሥሩ መቀመጫ ጉማጅ ይመታለት። ጣውላው ከየት ይምጣ እንዳትሉኝ። ለአሥራ ስድስቱ መርገጫ ሁለት ሁለት ጣውላ ጎን ለጎን ቢነጠፍ 32 ቁራጭ ነው፣ አንዱ ባለ 4 ሜትር ሦስት ይወጣዋል፣ ስለዚህ 11 ጣውላ። ከእያንዳንዱ የሚተርፈው 40 ሴንቲ ደግሞ ለጉማጁ ይሆናል። አሥራ አንድ ጣውላ! ይህን እንኳ አልጠየቅኩም፣ ለመደገፊያ ብቻ ነው ሰው ፊት የተሳቀብኝ።

የባሕር ዛፉ ነገርማ አይነሳ። ትናንት የተቆረጠ፣ ውሃው ያልደረቀ እንጨት ከነቅርፊቱ ያመጡና በጥቁር ሽቦ ያስሩታል። በሁለተኛው ሳምንት ይደርቃል፣ ይኮማተራል፣ ሽቦው ይላላል፣ ጫፉ ይሰነጠቃል፣ ሚስማሩ ጉድጓዱ ውስጥ ይላወሳል። ዝናብ ሲመጣ ቅርፊቱ እንደ ሳሙና ያንሸራትታል። ሽቦው በየሰኞው ጠዋት፣ ከዝናብም በኋላ መጥበቅ አለበት። ማን ያጠብቀዋል? የማንም ሥራ አይደለም። የሥራ ዝርዝሩ ላይ ስለሌለ ክፍያ የለውም፣ ክፍያ ስለሌለው ባለቤት የለውም።

ባለቤት የለውም ስል፣ ጠላት ግን ሞልቶታል። ለቢም (ሶሌታውን ለሚይዘው አግድም የአርማታ ተሸካሚ) ጣውላ ሲያጥር አናጢው የሚነቅለው ከዚያው መወጣጫ ነው። ማታ ብርድ ሲጠና ዘበኛውም ከዚያው ይነቅላል፣ ያነድደዋል (በእሱ እንኳ አልፈርድም፣ ለሊቱን ውጭ ነው የሚያድረው)። ጠዋት አንድ መርገጫ ጎድሎ ታገኙታላችሁ። ባሬላ የያዘች ሴት ደግሞ እግሯን አታይም! ባሬላው ነው ፊቷ ያለው።

ከሁሉ የሚያናድደኝ ግን የሶሌታውን ድጋፍ ነገር ነው። መወጣጫውን ወስደው ሶሌታውን ከተሸከመው ቋሚ ጋር በሚስማር ይመቱታል። ሰው በወጣ ቁጥር ቋሚው ይነቃነቃል፣ ገና ያልጠነከረው አርማታ ይነቃነቃል። ቀኑ ደርሶ ፎርምወርኩ (አርማታው የተሞላበት የእንጨት ቅርጽ) ሲፈታ ደግሞ መወጣጫው ምን ይዞ ይቆማል? ምንም! ለብቻው ቋሚ፣ ለብቻው ሰያፍ ማጠናከሪያ፣ እግሩ ሥር ጠፍጣፋ ድንጋይ ወይም ወፍራም ጣውላ። ይህን ስንቴ ተናገርን?

ከሥሩስ ያለው? የኮለን (የአርማታ ምሰሶ) ፌሮ እንደ ጦር ቆሞ ነው የሚጠብቀው። ከ2 ሜትር የወደቀ ሰው እግሩ ተሰብሮ ሊተርፍ ይችላል፣ ፌሮ ላይ ከወደቀ ግን… አልጨርሰውም። ጫፉን ማጠፍ ወይም በጣውላ መሸፈን ስንት ደቂቃ ይፈጃል? ሄልሜቱ እንኳ ተቆጣጣሪ ሊመጣ ሲል ነው ከመጋዘን የሚወጣው፣ ሲሄድ ተቆጥሮ ይመለሳል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 92 የሠራተኛውን ደኅንነትና ጤንነት መጠበቅ የአሠሪው ግዴታ ነው ይላል። «ሥራው ጊዜያዊ ከሆነ በስተቀር» የሚል አላነበብኩበትም።

ደግሞ ቋሚውን ደረጃ ከሶሌታው ጋር አብሮ ቢሞሉት ግማሹ ጣጣ ያልቅ ነበር። አርማታው ጠንክሮ ፎርምወርኩ በጊዜው ሲፈታ በእሱ መውጣት ነው፣ የእርከኑ ጫፍ እንዳይሸረፍ ጣውላ አልብሶ፣ ከጎኑ መደገፊያ አቁሞ። እነሱ ግን ደረጃውን «በኋላ» ይሉትና ፌሮውን አንጠልጥለው ይተዉታል። ሶሌታው ላይ ለደረጃው የተተወው ቀዳዳ አጥር የለው፣ ክዳን የለው፣ አፉን ከፍቶ ወራት ያልፋሉ፤ «ነገ የሚፈርሰው» መወጣጫም ያው ወራቱን ሁሉ ቆሞ ያገለግላል።

ደክሞኛል። መደገፊያ ማለት 1 ሜትር ከፍታ ላይ አንድ አግድም፣ መሐሉ ላይ ሌላ አንድ፣ በየ1.20 ሜትሩ አንድ ቋሚ። የሁለት አናጢ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ለዚህ ነው ሙሽራ የተባለው።

ነገ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ጀምሮ ሶሌታ ይሞላል። ከታች አራተኛው መርገጫ በግራ በኩል ተሰንጥቋል፣ ስወጣ አይቼዋለሁ፣ ነግሬያቸዋለሁም። ነገ ሚስማሩን ከኪሴ ገዝቼ በአሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል እዚያ እገኛለሁ። ሳይት ላይ ያላችሁ ልጆች፣ ትርፍ መዶሻ ያለው ይዞልኝ ይምጣ።