«እኔን አይነካኝም»

ባለፈው ማክሰኞ ከምሽቱ 2 ሰዓት ግድም የዕድር መዋጮ ላደርስ ከታችኛው ቤት ጎራ ብዬ ነበር። አገባቤ ሰጥቶ ለመውጣት እንጂ ለመቀመጥ አልነበረም፤ ነገር ግን ጀበናው ማቶቱ ላይ ተቀምጦ፣ ዕጣኑ እየጨሰ፣ ሲኒዎቹ ረከቦቱ ላይ ተደርድረው በደረሱበት ቤት «እቸኩላለሁ» ማለት ከስድብ እምብዛም ስለማይለይ ተቀመጥኩ። አቦሉን ወድጄ ጠጣሁ። ቶናውን ተለምኜ ጠጣሁ። ሦስተኛውን ግን እንቅልፍ እንደሚከለክለኝ ገልጬ ሲኒዬን በመዳፌ ብከድነውም፣ የቤቱ እመቤት እጄን እንደ ዝንብ ገፋ አደረጉና «በረካ እኮ ውሃ ነው ልጄ! ደግሞስ በረካ ሳይቀበል የሚሄድ ሰው አለ?» አሉኝ። ቀጥለውም በዚህ ምድር ላይ ከምጠላቸው ዐረፍተ ነገሮች ቀዳሚውን ተናገሩ። «እኔን ቡና አይነካኝም። እንዲያውም ካልጠጣሁ እንቅልፍ አይወስደኝም።»

አይነካኝም! ሰው ነቅቶ በቆየ ቁጥር አዴኖሲን የሚባል ንጥረ ነገር በአንጎሉ ውስጥ እየተጠራቀመ ይሄዳል፤ ሥራውም በሕዋሳቱ ላይ በተዘጋጁለት ተቀባዮች ላይ እየተቀመጠ «መሽቷል፣ ደክሞሃል፣ ተኛ» የሚል መልእክት ማድረስ ነው። ቡና ውስጥ ያለው አነቃቂ ንጥረ ነገር፣ ካፌይን፣ ደግሞ በቅርጹ አዴኖሲንን ስለሚመስል ቀድሞ መጥቶ በዚያ ወንበር ላይ ይሰየማል። ተሰይሞም አንዳች መልእክት አያደርስም፤ ወንበሩን ይዞ ዝም ይላል። ስለዚህ ቡና ጉልበት ሰጠኝ የሚል ሰው የተሰጠው ጉልበት የለም፤ የድካሙ መልእክተኛ በር ላይ እንዲቆም ተደረገለት እንጂ ድካሙ የትም አልሄደም።

ወንበር ከተነሣ ዘንድ አንድ ያልወጣልኝ ቂም አለ። የዛሬ ዘጠኝ ዓመት በአንድ የቅርብ ዘመዴ ሠርግ ላይ ስሜ የተጻፈበት ወንበር ተለይቶልኝ ነበር። እጄን ታጥቤ ስመለስ ሙሉ ልብስ የለበሰ፣ ከሙሽራውም ከሙሽሪትም ወገን ማንም የማያውቀው ሰው ተቀምጦበት አገኘሁ። ሰውየው አላጨበጨበም፣ አልጨፈረም፣ ሙሽሮቹን አልመረቀም፤ ጥሬ ሥጋውን በዝግታ እየቆረጠ ወንበሬን ብቻ ያዘ። እኔም ከድንኳኑ ምሰሶ ሥር ቆሜ፣ ሳህኔን በአንድ እጄ ደግፌ ጠበቅሁት። እስኪነሣ ድረስ ወንበር ያጡ ሌሎች ዘመዶች ከኋላዬ ተሰልፈው ስለነበር፣ በተነሣ ቅጽበት ሁላችንም በአንድ ጊዜ ተጋፍተን ገባንና ወንበሩ ሊሰበር ምንም አልቀረውም። የካፌይንን ጠባይ ከመጽሐፍ ከማንበቤ በፊት በዓይኔ ያየሁት ያን ዕለት ነው፤ እርሱ ወንበሩን ሲለቅ በር ላይ ሲጠራቀም የዋለው አዴኖሲን የሚገባው እንዲሁ ተጋፍቶ ነው። ሰውየውን እስከ ዛሬ እፈልገዋለሁ።

«ሳይቸግር ጤፍ ብድር» የሚለውን ተረት አብዝቼ የምወደውም ለዚህ ነው። አያቴ ጤፍ ስታበድር የቁናውን አፍ በመዳፏ ልክክ አድርጋ ጠርጋ ትሰፍር ነበር፤ ብድሯን ስትቀበል ግን ቁናው ካልተቆለለ «ይህ የእኔ ጤፍ አይመስለኝም» ትል ነበር። ከሌሊት የሚበደሩት ንቃትም አበዳሪው እንደ አያቴ ነው። በጤናማ ጎልማሳ ደም ውስጥ የገባ ካፌይን በግማሽ ለመቀነስ በአማካይ 5 ሰዓት ያህል ይፈጅበታል። እንግዲህ ማክሰኞ ማታ በ2 ሰዓት ከጠጣሁት ውስጥ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ ግማሹ፣ ጎሕ ሲቀድ በ12 ሰዓት ደግሞ ሩቡ ከእኔው ጋር ነበር። ሂሳቡን ያሰላሁት አልጋዬ ላይ ሆኜ ነው፤ ሌላ ሥራ አልነበረኝም። የካልዲን ፍየሎች አፈ ታሪክ የሚተርኩልን ሰዎች ፍየሎቹ ቀዩን ፍሬ ቀምሰው ሲዘሉ እንዳመሹ ይነግሩናል፤ በማግስቱ ዳገት ሲወጡ ስንት ጊዜ እንዳዛጉ ግን እስከ አሁን የነገረን የለም።

«እኔ እኮ ጠጥቼ እተኛለሁ» የሚሉትን ሰዎች ውሸታሞች ናቸው ማለቴ አይደለም። ካፌይንን የሚሰባብረው የጉበት ኢንዛይም ፍጥነቱ ከሰው ሰው ይለያያል፤ ሲጋራ የሚያጨስ ሰው ቶሎ ያስወግደዋል፤ አዘውትሮ የሚጠጣ ሰውነትም ይለማመደዋል። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ አንድ ጥናት፣ 400 ሚሊግራም ካፌይን ከመኝታቸው 6 ሰዓት ቀደም ብለው የወሰዱ ሰዎች ከአንድ ሰዓት በላይ እንቅልፍ እንደጎደለባቸው በመሣሪያ ለክቶ አሳይቷል። እርግጥ 400 ሚሊግራም ለጤናማ ጎልማሳ የቀን ጣሪያ ተብሎ የሚመከር መጠን እንጂ የአንድ ሲኒ ነገር አይደለም። እኔን የገረመኝ ግን መጉደሉ ሳይሆን፣ ሰዎቹ ራሳቸው ስለ እንቅልፋቸው ባሰፈሩት ማስታወሻ ላይ ጉድለቱ አለመታየቱ ነው። ሰው በተኛበት ከተሰረቀ ሌባውን «አልነካኝም» ቢለው ምን ይደንቃል?

አንድ ነገር ላይ ግን መሳቅ አልችልም። በዚያው ምሽት ከእኔ ጎን ስምንተኛ ወሯን የያዘች ነፍሰ ጡር ተቀምጣ ነበር። ሁለተኛውን ሲኒ «ይበቃኛል» ብላ ስትመልስ ቤቱ በሙሉ ተነሣባት። «ትንሽ ቅመሽ እንጂ፣ ምን ይልሻል? እኔ ሰባቱንም ስጠጣ ነው የወለድኳቸው!» በእርግዝና የመጨረሻ ወራት ያው ካፌይን በግማሽ ለመቀነስ እስከ 15 ሰዓት ሊወስድበት ይችላል፤ በእንግዴ ልጁ አልፎ ወደ ፅንሱ ይደርሳል፤ ፅንሱ ደግሞ የሚሰባብርበት ኢንዛይም ገና የለውም። የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2015 ለነፍሰ ጡሮች የቀኑን ጣሪያ ወደ 200 ሚሊግራም ዝቅ ያደረገውም በዚሁ ጥንቃቄ ነው። ሴቲቱ አንድ ሁለት ሲኒ ብትጠጣ ምንም አልልም። ነገር ግን በገዛ ሆዷ ስለተሸከመችው ልጅ «አይ» ስትል እንደ ኩራተኛ የምትቆጠርበት፣ ሰባት የወለደ ሁሉ ሐኪም የሚሆንበት ልማድ ያንገበግበኛል። ሴቲቱ በመጨረሻ ሲኒውን ተቀበለች። እኔ ለነገሩ ምን አልኩ? ሦስተኛዬን ሲኒ ጨብጬ ፈንድሻ እቆረጥም ነበር።

ረቡዕ ከረፋዱ 4 ሰዓት ላይ ዓይኔ ደም ለብሶ ከቤቴ ስወጣ እመቤቷን ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ሻሻቸውን ግንባራቸው ላይ ጥብቅ አድርገው አስረው በሁለት እጃቸው ራሳቸውን ደግፈዋል።

«ምነው እማማ፣ ምን ሆኑ?»

«ኧረ ተወኝ ልጄ፣ ጾሙ ጠናብኝ። ራሴን ለሁለት ሊሰነጥቀው ነው።»

ከበረካው ወዲህ 14 ሰዓት አልፏል። ቡና የለመደ ሰው ሲያቋርጥ፣ ካፌይን አጥብቧቸው የኖሩ የአንጎል የደም ሥሮች መልሰው ስለሚሰፉ፣ ራስ ምታቱ ብዙውን ጊዜ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ይጀምራል። በየረቡዑና በየዓርቡ ጾም ላይ የሚላከከው ራስ ምታት ስንቱ የጀበና ዕዳ እንደሆነ እግዜር ይወቀው። «አይነካኝም ብለውኝ አልነበር?» የሚለው ጥያቄ ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር፤ ስለ አዴኖሲንም፣ ስለ ሠርጉም ሰውዬ አብራርቼ ልነግራቸው ሌሊቱን ሙሉ ስዘጋጅ ነው ያደርኩት። ከአፌ የወጣው ግን «እግዜር ይማርዎ» ብቻ ሆነ።

«ስንት ሰዓት ሆነ?» አሉኝ።

«አራት።»

«አዬ! እስከ ዘጠኝ ገና አምስት ሰዓት!» አሉና ሻሻቸውን ፈትተው ይበልጥ አጥብቀው አሰሩት። «ዘጠኝ ሲሞላ ና፣ አፈላለሁ።»

ለአቦሉ ብቻ እንደምመጣ ነገርኳቸው። አልሰሙኝም።